ማባዣ ማለት ማባዣ ማለት ነው

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ እኔ ቤት አደረች። ናፍቆት እንዳይመስላችሁ፤ እነሱ ሰፈር መብራት ጠፍቶ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ በስህተት ነው መሰል ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። ልጅቷ ስትራክቸራል መሐንዲስ ናት። የምትሠራበት አማካሪ ድርጅት የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ስሌት በማግስቱ ጠዋት እንድታስረክብ አዟታል። እናላችሁ፣ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ ጉብ አለች። እኔም መጽሐፌን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

እኩለ ሌሊት ገደማ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እንግሊዝኛ እያት» አለችኝ።

ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ከወጣሁ ወዲህ እንግሊዝኛ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። መነጽሬን ጠርጌ ተጠጋሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። በመስኮቷ ውስጥ ስምንት የሚሆኑ ስሞች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ሣጥን፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ «1» የሚል ቁጥር አስቀድሞ ተሞልቷል። ልጅቷ «ኤፍ 1»ን ተጫነች። እገዛ የሚባለው ገጽ ተከፈተ። እንዲህ ይላል፦ የመታጠፍ ማባዣ፣ የመታጠፍ ማባዣውን ለመወሰን ያገለግላል፤ የሚፈልጉትን ማባዣ ያስገቡ።

አለቀ። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

«እንግሊዝኛው ምን አስቸገረሽ?» አልኳት። «እንግሊዝኛውማ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው ጋሼ። ያላገኘሁት ትርጉሙን ነው። አንተ የቅኔ ሰው ስለሆንክ ወርቅ ካለው ብዬ ነው።»

ወርቅ የለውም። ሰምም የለውም። ስንት ደካማ የተማሪ ድርሰት ያረምኩ ሰው ነኝ፤ «ፍቅር ማለት አንድ ሰው ሲያፈቅር የሚሰማው ነው» ብሎ የጻፈልኝን ተማሪ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዜሮ አልሰጠሁትም፤ ከአሥር ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ቢያንስ «የሚሰማው» ብሎ አንድ አዲስ ቃል ጨምሯል። የዚህ ሶፍትዌር ጸሐፊ ግን ያቺን አንዷን ቃል እንኳ ሊጨምርልን አልፈቀደም።

ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ለውጥ የለውም፤ መሐንዲስ ወዳጆቼን ስጠይቅ እያንዳንዱ የራሱን ፕሮግራም ስም ጠርቶ «እሱን ነው አይደል የምትለው?» ይለኛል። መንገድ የሚነድፈውም፣ ውኃ የሚያሰላውም፣ ሕንፃ የሚስለውም። የሁሉም እገዛ አንድ እናት የወለደችው ነው፦ የቁልፏን ስም ወስዶ ግሥ ይቀጥልበታል፣ ነጥብ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ቁልፏ ላይ «አስላ» ተብሎ ከተጻፈ እገዛው «ለማስላት ይህን ቁልፍ ይጫኑ» ይላል። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ እንዲህ ያለ እገዛ ምን ያደርግለታል?

አሁን ያቺ «1» ምን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጀግና፣ ሲጎተት ልፍስፍስ ነው። ፌሮ የሚገባበትም ለዚሁ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቢሙና ኮለኑ እየታጠፉ ስለሚመለሱ አርማታው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ይኼ በራሱ መዓት አይደለም፣ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ቢም ካልተሰነጠቀው ይልቅ በቀላሉ ይታጠፋል። ስለዚህ የአውሮፓው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ፣ ማለትም በ2015 እ.ኤ.አ. እኛም የራሳችን አድርገን የተቀበልነው፣ የተሻለ ስሌት ካልተሠራ በቀር የኮንክሪቱን ግትርነት ካልተሰነጠቀው በግማሽ ቀንሳችሁ ውሰዱ ይላል። በግማሽ! ሣጥኗ ውስጥ ያለችው «1» ግን «ይህ ሕንፃ መቼም አይሰነጠቅም» የምትል እምነት ናት። ሳይነኳት ያለፏት እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ሕንፃውን ከእውነቱ በላይ ግትር አድርጎ ያሰላዋል፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚወዛወዘውንም ልክ አሳንሶ ይነግራችኋል። በአንዳንዱ በኩል ስሌቱ ወደ ጥንቃቄ ያጋድላል፣ በሌላው በኩል ወደ አደጋ። የትኛው ወደ የት እንደሚያጋድል መናገር የማን ሥራ ነው?

ልጅቷ ስልኳን አነሣች። የመጀመሪያው፣ የቢሮዋ ሲኒየር፣ እንቅልፉን እያሻሸ «ሁሉንም ዜሮ ነጥብ አምስት አድርጊው» አላት። ለምን? «እኛም ስንጀምር እንደዚያ ነው የተባልነው።» ሁለተኛው፣ በሌላ ቢሮ የሚሠራ የክፍሏ ልጅ፣ ለቢም ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት፣ ለኮለን ዜሮ ነጥብ ሰባት ነው አላት። ኋላ ስንደርስበት ያ የአሜሪካው ደንብ ነው። ሦስተኛው «እንዳለ ተዪው፤ ፈረንጁ ሳያስብ አንድ አላደረገውም» አላት። እንግዲህ በአንዲት አዲስ አበባ፣ በአንድ ሌሊት፣ ለአንዲት ሣጥን ሦስት መልስ። ሦስቱም ሰዎች ሕንፃ እየሠሩ ነው። በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ እኔና እናንተ ሊፍት እየጠበቅን ነው።

«ይቺ አገር ደግሞ መሬቷ መች ተንቀጠቀጠ?» የሚል ካለ፣ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳደረጋት የዚያን አካባቢ ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ራቅ አለብኝ ካለም በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ አዲስ አበባ ላይ ስንቶቻችን በሌሊት ልብሳችን ደረጃ ለደረጃ እንደተጋፋን ያስታውስ። እኔ በነጠላ ጫማ ነበርኩ፤ አንዱን እግር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥዬው ወርጃለሁ።

ኮምፒዩተር ያወጣውን ቁጥር አምኖ መሥራት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ኖርዌይን መጠየቅ ነው። ነሐሴ 23 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ስላይፕነር የተባለው የነዳጅ መድረክ ግዙፍ የአርማታ መሠረት በአንድ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ሲሞከር ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ኪሣራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሲመረመር፣ በኮምፒዩተር የተሠራው ስሌት ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን የመቁረጥ ኃይል 47 በመቶ አሳንሶ አስቀምጦት ተገኘ። አወቃቀሩ ለኮምፒዩተሩ የቀረበለት በጣም በሻካራው ተከፋፍሎ ነበር። ጥፋቱ የመመሪያው ነው አልልም፤ የሰዎቹ ነው። እኔ የምለው ማሽኑ በሻካራውም ሆነ በለስላሳው አንድ ዓይነት ፊት ነው የሚያሳየው ነው። «እንዲህ ከሰጣችሁኝ መልሴን አትመኑ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማሽኑ ራሱ አይናገረውም፤ ሰው ተቀምጦ ሊጽፍለት ይገባል።

መመሪያ ራሱ የተከሰሰበትን ከፈለጋችሁ፣ ከምህንድስና ቢሮ ወጣ ብለን ወደ ሆስፒታል እንሂድ። ቴራክ 25 የሚባል የካንሰር ጨረር ማሽን ነበር፤ የሠራው አንድ የካናዳ መንግሥት ድርጅት ነው። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ስድስት ሰዎችን ከልክ ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ የሞቱም አሉ። በመጋቢት 1986 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ባለሙያዋ ሕክምናውን ስታስጀምር ስክሪኑ ላይ «ብልሽት 54» የሚል መልእክት ወጣ። ብልሽት 54 ምንድን ነው? የማንቀሳቀሻ መመሪያው ስለ እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች አያብራራም። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች፤ እሷም «የመጠን ግቤት 2» ብቻ ትላለች። ማባዣ ማለት ማባዣ ማለት ነው! ሴትዮዋ ብልሽት የሚሉ መልእክቶች ቶሎ ቶሎ ሲወጡ የለመደች ስለሆነች «ቀጥል» የምትለዋን ፊደል ተጫነች። በሽተኛው ሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ከወራት በኋላ ሞተ። በሚቀጥለው ወር እዚያው ሆስፒታል፣ ያው ብልሽት 54፣ ሌላ ሰው። ኋላ አንድ የድርጅቱ ባለሙያ «የመጠን ግቤት 2» ማለት የተሰጠው ጨረር ወይ ከልክ በላይ ወይ ከልክ በታች ሆኗል ማለት እንደሆነ መሰከረ። ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ማን ከለከላቸው? የችግሩንም መንስኤ ያገኙት የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ያቺው ባለሙያ ናቸው፤ ማሽኑ ፊት ተቀምጠው ደጋግመው እየተየቡ።

ይኸውላችሁ፣ ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ስትነሣ ማውዙን ይዤ ራሴ ገባሁበት። እገዛ ከሚለው ሥር ስንከራተት ምን አገኘሁ መሰላችሁ? የላይሰንስ ውሉን። ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! «ተጠቃሚ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአምስት መስመር ተተርጉሟል። «ሶፍትዌር» ማለት፣ «ኮምፒዩተር» ማለት፣ «መጫን» ማለት፣ ሁሉም ከነዝርዝሩ፣ ከነልዩ ሁኔታው፣ ከነ«ይህ ሲባል ግን»ው። አንድ ቃል ለሁለት ትርጉም ክፍት አልተተወም። ከሕግ መምህራን ወዳጆቼ መካከል እንዲህ አጥርቶ የሚጽፍ አላየሁም። ውሉን አንብቤ ስጨርስ የሚለው ይሄ ነው፦ ፕሮግራሙ ለሚያወጣው ውጤት ኩባንያው ኃላፊ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የቆመባቸውን ግምቶች ሁሉ የመረዳትና ውጤቱን በሌላ መንገድ የማረጋገጥ ግዴታ የተጠቃሚው ነው።

አያችሁልኝ? ግምቶቹን የመረዳት ግዴታ የእህቴ ልጅ ናት፤ ግምቶቹን የመግለጽ ግዴታ ግን የማንም አይደለም። እስከዚህ ድረስ ስንፍና ነው ብዬ ነበር። ከዚህ ወዲያ ስንፍና ልለው አልችልም። መግለጽ የማይችል ሰው ይማራል፣ ይታዘንለታል። እነዚህ ግን መግለጽ ይችሉበታል። የራሳቸው አንገት ላይ ገመድ ሊገባ ሲል በአምስት መስመር ይተረጉማሉ፤ የእኛ አንገት ሲሆን «የሚፈልጉትን ያስገቡ»።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። አንደኛው «የንድፈ ሐሳብ መጽሐፉን አንብቡ» ነው። አለ፣ አይቼዋለሁ፤ ቀመሩ ሁሉ አለበት። ሣጥኗን ከቀመሩ የሚያገናኝ ገጽ ግን የለበትም። አንዱ ከፎቅ ላይ ይጮኻል፣ አንዱ ምድር ቤት ያንሾካሹካል፣ ደረጃ የለም። ሁለተኛው «ሥልጠና እንሰጣለን» ነው። በስንት ዶላር? ዕቃውን ሸጦ አጠቃቀሙን ለብቻ የሚሸጥ ነጋዴ መርካቶ ቢገኝ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። መሸጥም ቀርቷል እኮ፤ አውቶዴስክን የመሰለው ትልቁ እንኳ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአብዛኛው ምርቱ አዲስ የዘለቄታ ላይሰንስ መሸጡን አቁሞ በኪራይ አድርጎታል። ከራይ እስከሆንን ድረስ የቤቱ መብራት የት እንደሚበራ ቢነገረን ምናለበት?

ሦስተኛው «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ነው። ድሮ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚመጡት ጡብ ከሚያህሉ መጻሕፍት ጋር ነበር፤ መጻሕፍቱ ሲዲ ሆኑ፣ ሲዲው ድረ ገጽ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ እገዛቸውን ድረ ገጽ ላይ ብቻ ያደረጉት ፕሮግራሞች ኤፍ 1 ሲጫኗቸው ባዶ ገጽ ነበር የሚያወጡት። በነገራችን ላይ፣ ልጅቷ ባዶውን ገጽ ከተሞላው የምትለይበት ነገር ብዙም አልነበረም።

አራተኛው መልስ ግን ያማል፤ እውነት ስላለበት። «እናንተ ሰርቃችሁ እየተጠቀማችሁ ነው ወይ ደግሞ እገዛ አነሰ የምትሉት?» አዎ። ብዙ ቢሮዎቻችን ውስጥ ያለው ቅጂ «ክራክ» የሚባለው ነው፤ የተሰበረ ቁልፍ ያለው። ልጅቷን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች፤ የእሷ ቢሮ ግን ባለፈው ዓመት ከፍሏል። እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪነቴ ተነሥቶብኝ ሳቅሁ፦ ሶፍትዌሩ ተሰንጥቋል፤ ኮንክሪቱ ግን እንዳልተሰነጠቀ ተቆጥሯል! ቅኔው የተገኘው በዚህ በኩል ኖሯል። ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ስርቆቱን አልከላከልለትም። ግን የከፈለው ቢሮና ያልከፈለው ቢሮ የሚያነቡት እገዛ አንድ ነው። የከፈለውም «ማባዣ ማለት ማባዣ» ነው የተባለው።

የእኛንም ጓዳ ልንካ። ያ ሲኒየር «እኛም እንደዚያ ነው የተባልነው» ሲል ከሶፍትዌሩ በምን ተሻለ? ቢሮዎቻችን ውስጥ ዕውቀት በሹክሹክታ ነው የሚተላለፈው፤ በፍላሽ፣ በቡና ሰዓት፣ ለሚወዱት ሰው ብቻ። አምስት ዓመት የሠራ መሐንዲስ የደረሰበትን ነገር አንድ ገጽ ጽፎ ለቀጣዩ አይተውም፤ ከጻፈው ተፈላጊነቱ የሚቀንስ ይመስለዋል። ስለዚህ ያገራችን ወጣት መሐንዲስ እውነተኛው መመሪያ መጽሐፍ ዩቲዩብ ላይ ያለ አንድ ሕንዳዊ መምህር ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ሳይሰለች ያስረዳል። ነገር ግን እሱ የሚያስረዳው በሕንድ ደንብ ነው። አሁን አሁን ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ጠይቂው» ይሏታል። ጠየቀችው። አምስት አንቀጽ የሚያምር መልስ ሰጣት። መልሱ የሚያምር ስለሆነ ብቻ ፈራችው፤ በዚህስ ኮራሁባት።

ነገሩ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ዶናልድ ክኑት የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር መጽሐፍ የሚለቅም ፕሮግራም ሠራ፤ ቴክ ይባላል። ሠርቶት ሲያበቃ ማብራሪያውን ለማንም አልወረወረም፤ ራሱ ተቀምጦ ጻፈው። «ዘ ቴክስቡክ» በ1984 እ.ኤ.አ. ታተመ። በመጽሐፎቹ ውስጥ አዲስ ስህተት ላገኘለት ሰው እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ስድስት ሳንቲም የሚል ቼክ በራሱ እጅ ፈርሞ ይልክ ነበር። ብሩ ምንም አይደለም። ማብራሪያውን የሥራው አካል አድርጎ የሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።

ፈረንጅ አይሆንልኝም ካላችሁም ከቤታችን አለ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ያውቃል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጡት፣ እሳቸውም ሳያዩት አልፈው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ቃልን ለመፍታት ሦስት ሰው፣ አንዱ ለአንዱ እያስረከበ። የአንድምታ መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ንባቡን ንባብ ነው ብለው አላለፉትም፤ «አንድም» ይላሉ፣ «አንድም» ይላሉ፣ ተማሪው እስኪጠግብ። እነዚያ ሰዎች ደመወዝ አልነበራቸውም። የሶፍትዌር ኩባንያ ደግሞ ገንዘብ የለኝም ሊለኝ አይችልም። የሚያስፈልገው ነገር ምን ያህል ነው? በየሣጥኑ ሦስት ዐረፍተ ነገር፦ ይህ ቁጥር ምን እንደሚለውጥ፣ አስቀድሞ የተሞላው ምን ታስቦ እንደሆነ፣ ሳይነኩት ቢተውት በየትኛው ደንብ ዘንድ እንደሚያሳስት። ሦስት ብቻ። የላይሰንሱ ውል መግቢያ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

ልጅቷ በመጨረሻ ምን አደረገች? ደንቡን ራሱን ከፍታ፣ አንቀጹን አግኝታ፣ ያንን «1» በ«0.5» ተክታ ስሌቱን እንደገና አስኬደችው። ሊነጋጋ ሲል ውጤቱ ወጣ። ሕንፃው አምስተኛው ፎቅ ላይ ከተፈቀደለት በላይ ይወዛወዛል። ማታ በ«1» ስታስኬደው ግን ሁሉም ትክክል ነው ብሏት ነበር። አረንጓዴ ቀለም እያበራ። ስለዚህ ኮለኖቹ መወፈር ነበረባቸው፤ ወፈሩ። ሲኒየሩ አኮረፈ። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ ስድስት መኪና ጠበበብኝ ብሎ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኸ። «ጎረቤቴ ያሠራው ኮለን ቀጭን ነው፤ የእኔ ለምን ወፈረ?» እውነቱን ነው፤ የጎረቤቱ ኮለን ቀጭን ነው።

እሷም እልህ ይዟት ለኩባንያው ጻፈች። የጥያቄዋን እንግሊዝኛ እኔ አርሜላታለሁ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። የማባዣው መነሻ ቁጥር ለምን አንድ ሆነ፣ በየትኛው ደንብ፣ እገዛው ላይስ ለምን አይገለጽም ብላ ጠየቀች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን መልስ መጣ። ስሟን በትክክል ጽፈውታል። ጥያቄዋን በአክብሮት መቀበላቸውን ገልጸው፣ ስለ ማባዣዎች አጠቃቀም ዝርዝር ማብራሪያ ለማግኘት ፕሮግራሙን ከፍታ «ኤፍ 1»ን እንድትጫን መክረዋታል።